መጽሐፍና መረጃ ፍለጋን በቪዲዮ ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው የጥናት ሥራ ለተማሪዎች በተሰጠ ሳምንት ከቤተ መጻሕፍቱ ባንኮኒ ፊት ያለው ሰልፍ ይረዝማል። ብጣሽ ወረቀት የያዘ ልጅ ይቀርብና «ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ አለ ወይ?» ይላል። ከኋላው ያለውም፣ ከእሱ ቀጥሎ የቆመውም ይህንኑ ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ላይ በቤተ መጻሕፍት ስሠራ ወደ ቪዲዮ የወሰደኝ ይህ ሰልፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአረርቲ መምህራንና የሙያ ባልደረቦች እየደወሉ የሚጠይቁኝን ሰብስቤ ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ለመሆኑ ቪዲዮ ያስፈልጋል? በአካል ማሳየቱ አይሻልም?

ይሻላል። ተማሪው አጠገብ ቆሞ፣ የቱ ላይ እንደሚሳሳት እያዩ ማስተማርን የሚተካ ነገር የለም። ችግሩ ቁጥር ነው፤ ባለሙያው አንድ ወይም ሁለት፣ ተማሪው በመቶዎች። ደግሞም አንድ ጊዜ የተነገረውን ሳይዘው ቀርቶ ሁለተኛ መጠየቅ የሚያፍር ልጅ አለ። ይህ ልጅ ቪዲዮውን ማታ በመኝታ ክፍሉ ሦስቴም አራቴም ወደ ኋላ እየመለሰ ያየዋል፤ ማንም አይታዘበውም። እኔ ቪዲዮ የምሠራው ከሁሉ አስቀድሞ ለእሱ ነው። የሚደጋገመውን ለቪዲዮው ስንተው፣ እኛም ጉዳዩ ከበድ ላለበት ተማሪ ጊዜ እናገኛለን።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ስለ ምን ይሁን?

ስለ ሕንፃው አይሁን። ካሜራ ስንይዝ ቶሎ የሚመጣልን በሩን፣ ባንኮኒውን፣ የንባብ አዳራሹንና የመክፈቻ ሰዓቱን እየዞሩ ማሳየት ነው። የእኔም የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ያለ ነበር፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ተማሪዎቹ አዩት፣ ወደዱት፣ በማግሥቱም «ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ አለ ወይ?» ብለው መጡ። ሕንፃውን ማወቅና መፈለግን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

አንድ ተማሪ በእርግጥ ያነሣውን አንድ ጥያቄ ይያዙና ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይከተሉት። የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ «የመንዝ በግን በምን መኖ ማድለብ ያዋጣል?» ብሎ መጣ እንበል። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ካታሎጉ ላይ፣ ማለትም ቤተ መጻሕፍቱ ያሉት መጻሕፍት በሚፈለጉበት የኮምፒውተር ዝርዝር ላይ፣ ይጽፈዋል፤ ምንም አያገኝም፤ «መጽሐፍ የለም» ብሎ ይሄዳል። ቪዲዮው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካሜራውን ወደ ነጭ ወረቀት ያውርዱት። ጥያቄውን በእጅ ይጻፉና ሸክሙን የያዙትን ቃላት ያስምሩባቸው፦ የመንዝ በግ፣ መኖ፣ ማድለብ። ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ዘመዶቹን ይደርድሩ። ከመኖ ሥር ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ ይገባሉ፤ ከማድለብ ሥር የክብደት ጭማሪ። ከጎናቸው የእንግሊዝኛ አቻቸውን ይጻፉ፤ በዘርፉ የታተመው ጥናት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነውና። ከዚህ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሱና አንዱን ቃል ከሌላው ጋር እያጣመሩ ይፈልጉ።

መጀመሪያ ምንም ያልተገኘበትን ሙከራ ቆርጠው አይጣሉት። ተማሪው በየቀኑ የሚገጥመው እሱ ነው። ባለሙያው ራሱ ባዶ ውጤት ፊት ቆሞ፣ ትንሽ አስቦ፣ ቃሉን ሲለውጥ ማየቱ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጥበታል።

ርዝመቱስ?

ከ6 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ የተመዘገቡ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምሮ ነበር። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም የተለመደው ተማሪ አብሮት የሚቆየው ቢበዛ ለ6 ደቂቃ ያህል መሆኑን አሳይቷል። የእኔዎቹ አሁን ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ናቸው። አንድ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ ያስተምር፤ «በተጨማሪም» የሚል ቃል ከአፍዎ ከወጣ ሁለተኛውን ቪዲዮ ጀምረዋል ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ የተሠሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። እነሱን ብናሳይ አይበቃም?

ጉግል ስኮላር ስለተባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ወይም ቃላትን እንደተጻፉ አንድ ላይ ለመፈለግ ስለሚያገለግለው ትእምርተ ጥቅስ በሚገባ የተሠሩ አሉ፤ እነሱን ማሳየት ድካም ይቀንሳል። የእኛ ተማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ያንን ከእኛ በቀር የሚያስተምረው ስለሌለ ጉልበታችንን ማዋል ያለብን እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ይህን መልስ ትንሽ ላርዝመው።

ከፊደል እንጀምር። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐ እንዲሁ። «ዓለም ከተማ» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ «አለም ከተማ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ላያገኘው ይችላል። «መርሐ ቤቴ»ን አንዱ በሐመሩ ሐ ለያይቶ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ አንድ ላይ ያያይዘዋል። ቪዲዮው ላይ ይህንኑ ስም በሦስት አጻጻፍ ተራ በተራ እየጻፉ ውጤቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ያሳዩ። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየው ግርምት እስካሁን አይሰለቸኝም።

ቀጥሎ የቃሉ ራስ አለ። በእንግሊዝኛ የተሠሩት ቪዲዮዎች፣ መጨረሻቸው የሚለያይ ቃላት አብረው እንዲገኙ፣ የቃሉን መጨረሻ በኮከብ ምልክት (*) መቁረጥን ያስተምራሉ። አማርኛ ግን ከፊትም ይጨምራል። ርዕሱ «የአንኮበር» ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ «አንኮበር» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ሊሰወርበት ይችላል፤ በብዙ ካታሎጎች «የ» የቃሉ አካል ሆና ትቆጠራለችና። «አንኮበር»፣ «የአንኮበር»፣ «በአንኮበር» እያሉ መሞከር ይገባል።

የቦታ ስም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። «ሰሜን ሸዋ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ የሁለት ዞን መረጃ ተቀላቅሎ ይመጣበታል፤ አንዱ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልሉ፣ ሌላው መቀመጫው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው። የፍቼን የዝናብ መጠን ወስዶ ስለ መንዝ የጻፈ ተማሪ አጋጥሞኛል። በአንጻሩ ከ1983 ዓ.ም. በፊት ስለ አካባቢው የተጻፈውን የሚፈልግ «ሰሜን ሸዋ» ቢል ብዙ ያመልጠዋል፤ በዚያ ዘመን የሚጠቀሱት አውራጃዎቹ ናቸው። ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐ ቤቴ እያለ መፈለግ አለበት። በላቲን ፊደል ደግሞ «ሸዋ»ን አንዱ ጸሐፊ ከዳብልዩ ጋር፣ ሌላው ያለ ዳብልዩ ይጽፈዋል፤ አንዱ በኢ፣ ሌላው በኦ። ሁሉንም አጻጻፎች በአንድ ገጽ ላይ አስፍረው ስክሪኑ ላይ ለአሥር ሴኮንድ ያቁሙት፤ ተማሪው ይገለብጠዋል።

የሰው ስም ደግሞ አለ። በእኛ ልማድ አንድ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ነው። ብዙ የውጭ የመረጃ ቋቶች ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዙታል። ጸሐፊው አየለ ከበደ ቢባል የእኛ ካታሎግ «አየለ» ላይ ያስቀምጠዋል፣ የውጭው «ከበደ» ላይ። ተማሪው በሁለቱም መፈለግን ከለመደ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ዋቢ ሲጽፍም ይህንኑ ማወቅ ያድነዋል።

ዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። በ1985 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በአውሮፓውያኑ 1992 ወይም 1993 ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። «ያለፉት አሥር ዓመታት ጥናቶች ብቻ» ብሎ መምህሩ ሲያዝ፣ ተማሪው የኢትዮጵያን ዓመት ከውጭ መፈለጊያ ውስጥ አስገብቶ ምንም ሳይጠቅመው ይቀራል።

በመጨረሻ ስለ ቆዩ የኮምፒውተር ጽሑፎች። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ ወደሚለዩበት ሥርዓት የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ የመመረቂያ ጽሑፎች ሳይቀሩ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ተተይበዋል። እንዲህ ያለው ሰነድ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ነው፤ በአማርኛ ቃል ቢፈልጉት አይገኝም። ተማሪው ይህን ካወቀ «የለም» ከማለቱ በፊት በጸሐፊው ስም ወይም በርዕሱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይሞክራል፤ ካልሆነም ወደ ባንኮኒው መጥቶ ይጠይቃል።

የመደርደሪያ ቁጥሩን ማስተማር ለምን ይከብዳል?

ነጥቧ ናት የምታከብደው። በአገራችን ብዙ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት የሚደረደሩት ሜልቪል ዲዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ባወጣው የአሥርዮሽ ምደባ ነው፤ 963 ላይ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ 636.3 ላይ የበግ እርባታ። ተማሪው ቁጥሩን ጽፎ መደርደሪያው ጋ ይደርሳል። 636.12ን ያያል። «አሥራ ሁለት ከሦስት ይበልጣል፤ ስለዚህ 636.3 አልፎኛል» ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲመለስ ይርቀዋል። ከነጥብ በኋላ ያለው አንድ በአንድ እንደሚነበብ፣ አንድ ከሦስት ስለሚቀድም 636.12 ከ636.3 በፊት እንደሚቆም በቃል ሲነገረው ይረሳዋል። እኔ የቀረጽኩት ጣቴን ነው፤ በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ከ636.08 ተነሥቶ፣ 636.12 ላይ ቆሞ፣ 636.2ን አልፎ፣ 636.3 ላይ ሲያርፍ። ሰባ ሴኮንድ ነው፤ ከሠራኋቸው ሁሉ ብዙ የታየው እሱ ነው።

በምን ቋንቋ እንናገር?

በአማርኛ። ተማሪው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «በእንግሊዝኛ ይሁን» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ተማሪው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር እንዲታገል አልፈልግም። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁልፍ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ይጥሩት፣ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ያስረዱ። አነጋገርዎም ታናሽ ወንድምን ወይም እህትን እንደሚያስረዱ ይሁን፤ የመመሪያ ቋንቋ ተማሪን ያርቃል። መስማት ለሚቸገሩ ተማሪዎች ደግሞ የሚናገሩትን ከሥር በጽሑፍ ያስገቡ። ድምፅ ከፍ ማድረግ በማይቻልበት የንባብ አዳራሽ ለሚያዩትም ይጠቅማል።

ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ስልክና ጸጥታ። የስክሪን ቀረጻውን ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራዋል፤ መጽሐፍና መደርደሪያ በስልክ ካሜራ ይቀረጻል። ስልኩን በእጅ አይያዙት፤ መጻሕፍት ቆልለው ያስደግፉት።

ምስል ትንሽ ቢደበዝዝ ተማሪ ይታገሣል፤ ድምፅ ከተበላሸ ግን ይዘጋዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ነፋሱን የምናውቀው እናውቀዋለን፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ያስጮኻል። እኔ የምቀርጸው ማለዳ፣ ተማሪ ከመግባቱ በፊት፣ በትንሿ የዕቃ ክፍል ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፅን ስለሚመልስ ከፊቴና ከጎኔ የመንዝ ባና እሰቅላለሁ። ከበግ ጠጉር የተሠራው ወፍራም ባና ማሚቶውን ይውጠዋል፤ ባና የሌለው ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይስቀል። የስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ላይ ያለችው ማይክሮፎን ከአፍ አንድ ስንዝር ርቃ ከተያዘች ትበቃለች።

ፊቴ መታየት አለበት?

የለበትም። መጀመሪያ ላይ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ባንኮኒው ጋ ታገኙኛላችሁ» ለማለት ያህል ቢታይ ግን ተማሪው በኋላ ለመጠየቅ ይደፍራል።

ስክሪን ስቀርጽ ምን ልጠንቀቅ?

የይለፍ ቃልና የሰው ስም። ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ኢትዮጵያን በመሰሉ አገሮች ያሉ የተመዘገቡ ተቋማት በጤና፣ በግብርናና በሌሎችም ዘርፎች የሚወጡ ጆርናሎችን (የጥናት መጽሔቶችን) በነፃ ያገኛሉ። መግቢያው ለተቋሙ የተሰጠ ነው፤ በቪዲዮ ከወጣ ሁሉም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ቀረጻውን ከገቡ በኋላ ይጀምሩ። የካታሎጉ የሠራተኛ ገጽ ላይም ማን ምን እንደተዋሰ ይታያል። ተማሪው ምን እንደሚያነብ የእሱ ጉዳይ ነው፤ ያንን ገጽ ፈጽሞ አይቅረጹ። የቴሌግራም መልእክት ብቅ እንዳይልም ማሳወቂያውን ያጥፉ።

ተማሪዎቼ ዳታ የላቸውም። እንዴት ይድረሳቸው?

ፋይሉን ያቅልሉት። በእያንዳንዱ ሴኮንድ 8 ሜጋቢት መረጃ የሚይዝ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ 300 ሜጋባይት ይሆናል (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው)፤ ያንኑ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢያደርጉት 37 ሜጋባይት ገደማ ነው። የስክሪን ቀረጻ እንቅስቃሴው ጥቂት ስለሆነ ጥራቱን ዝቅ ማድረጉ ብዙም አይጎዳውም፤ ብቻ ጽሑፉ በስልክ ላይ እንዲነበብ ሲቀርጹ ገጹን ያጉሉት። ከዚያ በቴሌግራም ቻናል ይልቀቁት፤ አንዱ አውርዶ ለጓደኛው ያለ ዳታ ያስተላልፈዋል። በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ላይም ይጫኑት፤ በፍላሽ የሚወስድ ይውሰድ። ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው ወረዳዎች ላሉ ትምህርት ቤቶች በፍላሽ ልከን ደርሶልናል።

የመጽሐፍ ገጽ በቪዲዮ ማሳየት ይቻላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ይጠብቃል። ሽፋኑን፣ ማውጫውንና አንድ ሁለት አንቀጽ ከነደራሲው ስም ማሳየት ለማስተማር ይበቃል፤ ምዕራፉን በሙሉ እየገለጡ መቅረጽ አያስፈልግም። ከጀርባ የሰው ዘፈን አይጨምሩ፤ ለማዳመጥም አያመችም።

ተማሪዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠየቅ ጀምረዋል። ፍለጋ ማስተማር አሁንም ይጠቅማል?

ዛሬ ይበልጥ ይጠቅማል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጸሐፊ ስም፣ ርዕስ፣ የጆርናል ስምና ዓመት አሟልቶ የሌለ ጽሑፍ ሊጠቅስ ይችላል። ተማሪው አምኖ ዋቢው ውስጥ ያስገባዋል፤ መምህሩ ሲፈልገው ያጣዋል፤ ልጁም ሳያጭበረብር አጭበርባሪ ይባላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ አራት ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ሠራሁ፦ እንዲህ ከተገኘ አንድ ዋቢ ተነሥቼ ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቼ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ጆርናሉ ጋ ሄጄ ያንን ዓመትና ቅጽ እከፍታለሁ፣ በመጨረሻ ገጹን እመለከታለሁ። በዚያ ገጽ ላይ የተገኘው ሌላ ጽሑፍ ነበር።

ተማሪው መማሩን በምን አውቃለሁ?

በዕይታ ብዛት አይደለም። ከቪዲዮው ሥር አንድ አጭር ሥራ ይስጡ፤ «ስለ ጓሳ ሣር አጠቃቀም ሁለት ምንጭ አግኝታችሁ የፈለጋችሁበትን ቃል ከነሙከራው ጻፉልኝ» እንደሚል ያለ። የጻፉትን ቃላት ሲያነቡ የቱ ጋ እንደቆሙ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው መለኪያ ባንኮኒው ነው። የሚመጣው ጥያቄ «መጽሐፍ አለ ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «በአውራጃው ስምም በወረዳው ስምም ፈለግሁ፤ ሌላ ምን ልሞክር?» ከሆነ ቪዲዮው ሠርቷል።

ካታሎጉ ሲቀየር ቪዲዮውን እንደ አዲስ መሥራት አለብን?

ሙሉውን አይደለም። ጥያቄውን በወረቀት ላይ የመበተኑ፣ የስምና የፊደሉ፣ የመደርደሪያው ጣት ክፍል ለዓመታት ይቆያሉ። የሚያረጀው ስክሪኑ ነው። በመሆኑም ሲቀርጹ ሁለቱን በተለያየ ፋይል ይያዙ፣ ጥሬ ቀረጻውንም በፍላሽና በሌላ ኮምፒውተር ያስቀምጡ፣ በፋይሉ ስም ላይ የተቀረጸበትን ወርና ዓመት ይጻፉ። እኔ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ፣ ተማሪ ሳይገባ፣ አንድ በአንድ ከፍቼ ስክሪኑ ከአሁኑ ካታሎግ ጋር የማይመሳሰለውን ለይቼ መስከረም ላይ እንደገና እቀርጻለሁ።